አዲሶቹ ፖሊሶች የት ይመደባሉ?

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ወር ቁጠባው ተሰብስቦ ቡናው ሲፈላ፣ ከመካከላችን አንዲት እናት «ልጄ ፖሊስ ልመዝገብ ትላለች፤ ልፍቀድላት ወይስ ልከልክላት?» ብለው ጠየቁ። ሁላችንም በአንድ ጊዜ ስለተናገርን ማንም ሳይመልስላቸው ቀረ። ብዙ ያወራሁት እኔ ስለነበርኩ ዛሬ ተናጋሪ አደረጋችሁኝ። ፖሊስ አይደለሁም። ሕጉን ግን አገላብጬአለሁ፤ ለጎረቤት ጉዳይም ጣቢያ ብዙ ተመላልሻለሁ።

መጀመሪያ የሚመለምለው ማን እንደሆነ እንለይ። የዛሬው ፖሊስ በአዋጅ የቆመው ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ነው። ያኔ ፖሊስ ከአንድ ማዕከል ይታዘዝ ስለነበር የአዲስ አበባ ልጅ ሐረርጌ ወይም ጋሞ ጎፋ ሊመደብ ይችል ነበር። (እዚሁ ጎረቤታችን ኮልፌ የነበረውን የፖሊስ ካምፕ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ኔልሰን ማንዴላም በ1954 ዓ.ም. የጦር ትምህርት የተማሩት እዚያ ነው።) የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህን ለወጠው። በአንቀጽ 52 ክልሎች የየራሳቸውን ፖሊስ እንዲያደራጁና እንዲመሩ ሥልጣን ተሰጣቸው፤ የፌዴራል ፖሊስ ደግሞ በአንቀጽ 51 ለፌዴራሉ መንግሥት ሆነ። አዲስ አበባም የራሷ ፖሊስ አላት።

ስለዚህ እናቴ፣ ማስታወቂያው ላይ ከዕድሜውና ከቁመቱ በፊት የላይኛውን መስመር ያንብቡ፤ የማን ማስታወቂያ ነው? የአዲስ አበባ ፖሊስ ከሆነ ልጅዎ ቦሌም ትመደብ አቃቂ ማታ ቤቷ የመግባት ዕድል አላት። የፌዴራል ከሆነ ሞያሌም መተማም የሥራ ቦታዋ ሊሆን ይችላል። በዚህ ዘመን ይህ ለእናት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

ምልመላው ይህን ያህል ነው። እኔን የሚከነክነኝ ምደባው ነው። አንድ ሺህ ምልምል ተመረቀ ሲባል በቴሌቪዥን ሰልፉን እናያለን፤ ከሰልፉ በኋላ ማን የት እንደሄደ ግን አንጠይቅም። ብዙ አገር በሕዝብ ቁጥር ልክ ይመድባል። እኛ ግን መጨረሻ የተቆጠርነው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ አገሪቱ 73 ነጥብ 7 ሚሊዮን፣ አዲስ አበባ 2 ነጥብ 7 ሚሊዮን ነበረች። ቀጣዩ ቆጠራ ደጋግሞ ተራዘመ። በዚያ ዓመት የተወለደች ሕፃን እኮ ዛሬ ራሷ ለፖሊስነት ደርሳለች!

ቁጥሩ ቢታወቅ እንኳ ብቻውን አይበቃም። ጉለሌን ተመልከቱት። አዲሱ ገበያ ታክሲ ተራው ላይ፣ ሽሮ ሜዳ ልብስ ተራው ላይ ሰው ይተራመሳል። ከዚያ ወደ ላይ እንጦጦ ጫካ ነው። የባሕር ዛፍ ጭነት በጀርባቸው ተሸክመው ጎንበስ ብለው የሚወርዱትን ሴቶች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁ ወርዳችሁበታል። በዚያ መንገድ ላይ የሚደርሰውን ማን ይመዘግበዋል? ጫካ ነዋሪ የለውም። ፖሊስ በነዋሪ ቁጥር ቢከፋፈል ለጫካው አንድም አይደርሰውም። በተመዘገበ ወንጀል ልክ ቢከፋፈልም ያው ነው፤ እነዚያ ሴቶች ከጭነታቸው ጋር ጣቢያ ሄደው ወረፋ አይይዙምና መዝገቡ ባዶ ነው።

ሌላ አገር እንዴት እንደሚያደርጉ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2019 ሃያ ሺህ ተጨማሪ ፖሊስ እንቀጥራለን ሲሉ፣ ካሏቸው 43 የፖሊስ ኃይሎች እያንዳንዱ ስንት እንደሚደርሰው በይፋ ተነገረ። እርግጥ ቀደም ብለው የቀነሱትን ያህል ነው የመለሱት፤ የወጣው ነባር በወጣት ተተካ። ቢሆንም የአንድ አውራጃ ሰው «የኛ ድርሻ የት አለ?» ብሎ ለመጠየቅ በእጁ ወረቀት ነበረው።

እኛ ጋ በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች ፈርሰው አባላቱ መከላከያን፣ ፌዴራል ፖሊስን ወይም የክልል ፖሊስን እንዲቀላቀሉ ተወሰነ። ውሳኔው በተለይ በአማራ ክልል ብርቱ ተቃውሞ አስነሳ፤ ወደ ፖለቲካው አልገባም። የምለው፣ ለውጊያ የሠለጠነን ሰው ማልያ ቀይሮ ጣቢያ ማስቀመጥ፣ የተደፈረች ልጅን ቃል የሚቀበል ፖሊስ አያደርገውም። ያ ሌላ ትምህርት ይፈልጋል።

ወደ ሴቶቹ ልምጣ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተያዘን ሰው አካል የሚፈትሸው ተመሳሳይ ፆታ ያለው እንዲሆን ያዛል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተረኞቹ ሁሉ ወንዶች ከሆኑ ይህ ሕግ እንዴት ይፈጸማል? እኔ በሄድኩበት አንድ ጣቢያ፣ በባሏ የተደበደበች ጎረቤቴ ቃሏን ለመስጠት «ሴቷ ነገ ጠዋት ትገባለች» ተብላ ተመልሳለች። ጠዋት አልሄደችም። ሌሊቱን ሽማግሌ ተልኮ ነበር።

ሴት ፖሊስ የለም አልልም፤ አለች። እኔ የማያት ግን ብዙ ጊዜ በር ላይ ቦርሳ ስትፈትሽ ወይም መዝገብ ቤት ነው። ምርመራ ላይና በሌሊት ተረኛነት ስንት ናቸው? ለወረዳችን የሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት የማነሳው ጥያቄ ይህ ነው። ሁለት ሰው አብሮኝ ይምጣ፤ ብቻዬን ከሄድኩ «ነገ ተመለሺ» እባላለሁ።

ለጥያቄዎ እናቴ፣ እኔ ብሆን አልከለክላትም። ግን አልገፋትም። በሚቀጥለው ስብሰባ ማስታወቂያውን አስይዘው ይዘዋት ይምጡ፤ ከላይ እስከ ታች አብረን እናነበዋለን። ቁመቷንም ቡናው እስኪፈላ እዚያ በሩ መቃን ላይ እንለካዋለን።