በሩ ድረስ አብረን እንሂድ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ሠፈራችን ልጃገረዶች፣ በተለይም ከገጠር መጥተው አዲስ አበባ ውስጥ በሰው ቤት ስለሚሠሩት እንድናገር ተጠይቄአለሁ።

አምና በራሪ ወረቀት ማሳተማችንን ታስታውሳላችሁ። ጤና ጣቢያው፣ የወጣት ማዕከሉ፣ የወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ነጻ የሕግ ምክር የሚገኝበት፣ ሁሉም ተዘርዝሮበታል። እኔም አንዱን በራችን ላይ ለጠፍኩት። የጎረቤቴ ሠራተኛ ቆማ ስታየው «አነበብሽው?» ብላት፣ «ሥዕሉን ነው የማየው፣ እትዬ» አለችኝ።

ክንዷ ላይ ዘይት ያቃጠላት ቁስል ነበረባት። «ጤና ጣቢያ ሂጂ» አልኳት፤ እሺ አለች። በሳምንቱ ሳገኛት ቁስሉ መግል ይዟል፤ አልሄደችም። መውጣት የሚፈቀድላት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ብቻ ነው። ጤና ጣቢያው የት እንደሆነም አታውቅም፤ በየሳምንቱ ግን በአጥሩ ሥር ታልፋለች! አሠሪዋን አስፈቅጄ ይዣት ሄድኩ። ካርድ ክፍል መታወቂያ ተጠየቀች፤ የላትም። «ሳታመጣ አይሆንም» ተባልን። ተከራከርኩ፣ የራሴን መታወቂያ አወጣሁ፣ በመጨረሻ ታከመች። ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ከዚያች መስኮት ተመልሳ ሁለተኛ አትሄድም ነበር።

ይህን አስቀድመው የተረዱ አሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ የተጀመረው «ብሩህ ተስፋ» የተባለው ፕሮግራም መካሪ ያደረገው የዚያው ሠፈር ሴቶችን ነበር። ልጆቹ እስኪመጡ አልጠበቁም፤ በየቤቱ እየዞሩ ትምህርት ቤት የማትሄድ ልጅ መኖሯን ይጠይቁ ነበር፤ አሠሪዎችንም ያግባቡ ነበር። ከዚያ በቀበሌ ክፍሎች ሰብስበው ፊደልና ስለ ጤና ያስተምሯቸዋል።

ከባዱ ነገር አሠሪዋን ማግባባት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ የቤት ሠራተኛን ግን አዋጁ አያቅፋትም። ስለዚህ ልጅቷ መውጣት አለመውጣቷ በእመቤቲቱ ፈቃድ ላይ ነው። እመቤቲቱ ደግሞ ማን ናት? እጅ አውጡ አልልም፤ እኔም ቤት ሠራተኛ አለች። ከሁለት ዓመት በፊት የማታ ትምህርት ልግባ ብላ ለምናኝ «ቆይ እናያለን» አልኳት። ምክንያቴ ራት እንዳይዘገይ ነበር።

የምጠይቀው ይህን ነው። ፈቃደኛ የሆነች አባል ሁለት ሁለት ልጅ ትያዝ። መጀመሪያ ከአሠሪዋ ጋር ቡና ጠጥታ በሳምንት ሁለት ሰዓት ታስፈቅድ። ጤና ጣቢያም፣ ትምህርት ቤትም፣ ወረዳም የመጀመሪያውን ቀን አብራት ትሂድ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ልጅቷ ተደፍሬአለሁ ካለቻችሁ ከአባወራው ጋር ሽምግልና እንዳትቀመጡ። ሳትታጠብ፣ ልብሷም ሳይታጠብ፣ ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዷት። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናው፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ቦታ የሚገኙበት ማዕከል አለ። ልጅቷ ታሪኳን በየቢሮው ደጋግማ እንዳትናገር የተቋቋመ ነው። «የሰው ቤት አፈረሳችሁ» የሚለን አይጠፋም፤ ይበለን።

ለጋሾቻችን፣ ወረቀት በድጋሚ ማሳተም አያስፈልገንም። የታክሲ፣ የደብተር፣ እሑድ ለሚሰበሰቡት ልጆች የሻይና የዳቦ ብትችሉልን ይበቃናል።

መዝገቡ ጸሐፊያችን ዘንድ ነው። እኔ የጎረቤቴን ልጅና አንዲት ጓደኛዋን ይዤ ተመዝግቤአለሁ። የእኔዋንም የማታ ትምህርት አስገብቻታለሁ፤ ከሰኞ ጀምሮ እኛ ቤት ራት ይዘገያል።