የመምህርን ትምህርት መጠበቅና መተው፦ ስለ ካርሎ አንቸሎቲ

(በፋካልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ ላይ የቀረበ)



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ጀምሮ «የማስተማር ሥነ ዘዴ መምህር ስለ ኳስ ምን አገባው?» የሚል ቀልድ በመምህራን ክበብ ሲዞር ሰምቻለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የእግር ኳስ ባለሙያ አይደለሁም፤ በሰፈር ሜዳ የጨርቅ ኳስ እየተጫወትኩ ያደግሁ ተመልካች ነኝ። ሆኖም በማስተማር ባሳለፍኳቸው ዓመታት ሁሉ አንድ ጥያቄ ሲያስጨንቀኝ ኖሯል፦ አንድ ሰው ከመምህሩ በሚገባ የተማረው ነገር፣ እርሱ በተራው አስተማሪ ሲሆን የሚያግዘው መቼ ነው? ዓይኑን የሚጋርደውስ መቼ ነው? ለዚህ ጥያቄ ካገኘኋቸው ምሳሌዎች ሁሉ የሚልቀው የጣሊያናዊው ካርሎ አንቸሎቲ ሕይወት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

አንቸሎቲ በ1959 በሰሜን ጣሊያን ሬጆሎ በምትባል ትንሽ ከተማ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በፓርማ ክለብ ጀምሮ በ1979 ወደ ሮማ ተዛወረ፤ በዚያም በስዊድናዊው ኒልስ ሊድሆልም ሥር ሠለጠነ። ሮማ በ1983 የሊጉ አሸናፊ ሲሆን ከመሐል ሜዳው ምሰሶዎች አንዱ እርሱ ነበር። ጉልበቱ ግን ሁለት ጊዜ ክፉኛ ተጎዳ። በመጀመሪያው ጉዳት ምክንያት ጣሊያን ያሸነፈችበት የ1982 የዓለም ዋንጫ፣ በሁለተኛው ደግሞ ሮማ በገዛ ሜዳው የተሸነፈበት የ1984 የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ አመለጠው።

በ1987 ጉልበቱ ባለቀ ተጫዋች ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አያዋጣም የሚል ጥርጣሬ ቢኖርም፣ የኤሲ ሚላኑ አሠልጣኝ አሪጎ ሳኪ አጥብቆ ፈለገው። ሳኪን ለማታውቁት ወጣቶች ጥቂት ልበል። ይህ ሰው በሙያ ደረጃ ኳስ ተጫውቶ አያውቅም፤ ቀድሞ ጫማ ሻጭ ነበር። ያስተማረው ግን የዘመኑን እግር ኳስ ለወጠ። አሰላለፉ 4-4-2 ነው፤ አራቱ ተከላካዮች፣ አራቱ አማካዮችና ሁለቱ አጥቂዎች እንደ አንድ አካል በአንድነት ይንቀሳቀሳሉ፤ ኳስ የተነጠቀ ቡድን ወዲያው ተጋጣሚውን ያስጨንቃል፤ ከሥርዓቱ የሚበልጥ ተጫዋች የለም። በዚህ ትምህርት ሚላን በ1989 እና በ1990 በተከታታይ የአውሮፓ ዋንጫን አነሣ። በ1989 ግማሽ ፍጻሜ ሪያል ማድሪድ 5 ለ 0 ሲሸነፍ የመጀመሪያውን ግብ ከሩቅ የመታው አንቸሎቲ ነበር። ተማሪው የመምህሩን ትምህርት እውነትነት በገዛ እግሩ አረጋገጠ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ትምህርት መጠራጠር እጅግ ከባድ ነው።

በ1992 መጫወት አቁሞ በብሔራዊ ቡድን የሳኪ ረዳት ሆነ። በ1994ቱ የዓለም ዋንጫ ከኖርዌይ ጋር በተደረገው ጨዋታ የጣሊያን ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ሲወጣ፣ ሳኪ ተጠባባቂውን ግብ ጠባቂ ለማስገባት ከሜዳ ያስወጣው የቡድኑን ታላቅ ኮከብ ሮቤርቶ ባጂዮን ነበር። ባጂዮ በመገረም ራሱን እየነቀነቀ ሲወጣ መላው ዓለም አየ። ጣሊያን ያን ቀን 1 ለ 0 አሸነፈች። ረዳቱ ከዚህ የተማረው ምን እንደሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ ታየ።

አንቸሎቲ በመጀመሪያ ዓመቱ ሬጂያናን ወደ ሴሪ ኤ አሳድጎ በ1996 ፓርማን ተረከበ። በዚያ ጂያንፍራንኮ ዞላ ነበር፤ ከአጥቂዎች ኋላ በነፃነት የሚጫወት፣ በጣሊያኖች አነጋገር «አሥር ቁጥር»። በ4-4-2 ውስጥ ግን ለአሥር ቁጥር ቦታ የለውም። ዞላ ወደ ግራ መስመር ተገፋ፤ በኅዳር ወር ወደ ቼልሲ ሄደ፤ በ1997 በእንግሊዝ የእግር ኳስ ጸሐፊዎች የዓመቱ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ። በዚያው ዓመት ባጂዮ ወደ ፓርማ ሊመጣ ጫፍ ሲደርስ አንቸሎቲ እምቢ አለ፤ ምክንያቱም ያው ነበር፦ የሚፈልገው ቦታ በአሰላለፉ ውስጥ የለም። ባጂዮ ቦሎኛ ገብቶ በአንድ የሊግ ዘመን 22 ግብ አስቆጠረ።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ እንመልከት። ታሪኩን ብዙዎች «ግትር ወጣት አሠልጣኝ ተሳሳተ» ብለው በአጭሩ ይዘጉታል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ዞላን ባጣበት ዓመት ፓርማ ከጁቬንቱስ በሁለት ነጥብ ብቻ ተበልጦ ሁለተኛ ወጥቷል። ውጤቱ ግትርነቱን ደገፈለት። አስተማሪን ከውድቀት ይልቅ የሚያሰጋው እንዲህ ያለው ስኬት ይመስለኛል፤ የጠፋው ነገር በሠንጠረዡ ላይ አይታይምና።

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። የዶክትሬት ትምህርቴን ጨርሼ እንደ ተመለስኩ፣ ከአማካሪዬ የተማርኩት የመጠይቅና የስታቲስቲክስ ዘዴ ለእኔ ሃይማኖት ያህል ነበር። አንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የቄስ ትምህርት ቤት ልጆች ፊደል ሲቆጥሩ ትልቁ ልጅ ትንሹን እንዴት እንደሚያስተምር ለወራት አብሮ ተቀምጦ ሊያጠና ፈለገ። ሁለት ገጽ ተኩል በእጁ ጽፎ አመጣልኝ። «ናሙናህ ስንት ነው?» አልኩት። መልስ አልነበረውም፤ ርእሱን አስቀየርኩት። በኋላ መቶ ሃያ መጠይቅ በትኖ፣ ሰብስቦ፣ ሠንጠረዥ ሠርቶ «ኤ» አገኘ። እኔም በራሴ ኮራሁ። ያን ጥናት እስከ ዛሬ የጠቀሰው ሰው የለም፤ እኔም ጭምር።

ወደ አንቸሎቲ ልመለስ። በ1999 ጁቬንቱስን ሲይዝ ያገኘው ዚነዲን ዚዳንን ነው። ዚዳንን ወደ ግራ መስመር መግፋት የሚደፍር ሰው የለም። አሰላለፉን ለአንድ ተጫዋች ሲል ለወጠ፤ ዚዳንን ከሁለት አጥቂዎች ኋላ ነፃ አደረገው። ዋንጫውን ግን ሁለት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ሆኖ አጣው፤ በ2001ም ተሰናበተ። ያልተሳካለት ሐሳቡን በለወጠ ጊዜ መሆኑን ልብ በሉ። ደካማ ሰው ቢሆን ወደ ቀድሞው ትምህርት በተመለሰ ነበር።

እርሱ ግን በዚያው ዓመት ወደ ሚላን ሄዶ ከዚህ የባሰ ነገር አደረገ። አንድሬያ ፒርሎ የተባለውን አሥር ቁጥር ወደ ኋላ ስቦ ከተከላካዮች ፊት አቆመው፤ ጨዋታው ከእርሱ እግር እንዲጀምር አደረገ። ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ የአንቸሎቲ አልነበረም። በ2001 መጀመሪያ ፒርሎ በውሰት ወደ ብሬሻ ሲሄድ አሠልጣኙ ካርሎ ማዞኔ በዚያ ቦታ ሞክሮት ነበር፤ ያደረገውም የአሥር ቁጥሩ ቦታ ስለተያዘ ነው። ቦታውን የያዘውም ሌላ ሳይሆን ባጂዮ ነበር። አንቸሎቲ በር የዘጋበት ሰው፣ ሳያውቀው፣ የሚላንን መሐል ሜዳ አዘጋጀለት።

ግንቦት 28 ቀን 2003 በማንቸስተር ከተማ ሚላን ከዚያው ካሰናበተው ጁቬንቱስ ጋር ለፍጻሜ ሲገናኝ፣ በሜዳው ላይ ፒርሎ፣ ሴዶርፍና ሩይ ኮስታ በአንድነት ተሰልፈው ነበር። በሳኪ ቡድን ለአንዱ አሥር ቁጥር እንኳ ቦታ ማግኘት ጭንቅ ነው። ከጎናቸው የሚሮጥላቸው ጋቱሶ መኖሩን አልዘነጋም፤ ነፃነትን የሚሸከም ሰው ያስፈልጋል። ጨዋታው 0 ለ 0 ተጠናቆ ሚላን በመለያ ምት አሸነፈ።

የቀረውን ታውቁታላችሁ፤ በአሠልጣኝነት አምስት የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ፣ በአምስቱ ታላላቅ የአውሮፓ ሊጎችም አሸናፊነት። በ2005 በኢስታንቡል 3 ለ 0 ሲመራ የተሸነፈበትንም ታውቃላችሁ፤ ለዚያ የሚሆን ማብራሪያ የለኝም።

አንቸሎቲ ባጂዮን አለመቀበሉ ስሕተት እንደነበር በኋላ በይፋ ተናግሯል። ከሳኪ የወረሰውን ሁሉ ግን አልጣለም፤ ሥልጠናው፣ የመስመሮቹ ቅርበት፣ የጋራ መከላከሉ በቡድኖቹ ውስጥ ቀርቷል። ከመምህሩ የተለየው በአንድ ነጥብ ላይ ነው፤ መጀመሪያ አሰላለፉን ሣሎ ሰው መፈለጉን ትቶ፣ ያሉትን ሰዎች አይቶ አሰላለፉን መሣል ጀመረ።

ያ ተማሪ ዛሬ በሌላ ከተማ መምህር ነው። ሁለት ገጽ ተኩሉን ግን ሳይወስድ ቀርቶ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። ባለፈው ዓመት አውጥቼ አነበብኩት፤ ስልክም ደወልኩለት። ርእሱን ጨርሶ ረስቶታል።

ሰዓቴ አልቋል። ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።