ከሰፈፍ እስከ ጧፍ
(ሐሙሲት ላይ በአባላት ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ጧፍ መሥራት ስንጀምር ቀላል መስሎን ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ ለቤተ ክርስቲያን ስንገዛው ኖረናልና። የመጀመሪያውን ሰም ግን በቀጥታ እሳት ላይ ጥደን አሳረርነው። በማኅበሩ ገንዘብ የተገዛ ስለነበር በጣም አዘንን።

አሁን እንዲህ እንሠራለን። ከጠጅ ጣዮች የገዛነውን ሰፈፍ በውኃ ቀቅለን በጨርቅ እንጨምቃለን። ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል፤ ከሥሩ የያዘውን እድፍ በቢላ እንፍቃለን። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ስለሚቀልጥ ብዙ እሳት አይፈልግም። ስለዚህ የሰሙን ዕቃ ውኃ በያዘ ሰፊ ድስት ውስጥ አስቀምጠን እናቀልጠዋለን። በደንብ የደረቀ የጥጥ ፈትል እየነከርን፣ እያንጠለጠልን፣ መልሰን እየነከርን እናወፍረዋለን። እሳት ከያዘው በክዳን ይታፈናል እንጂ ውኃ አይደፋበትም።

አንዳንዶቻችን ፓራፊን ብንቀላቅል ወጪው ይቀንሳል ብለን ነበር። ተከራክረን ተውነው። ሰው ንጹሕ ሰም ነው ብሎ ለስለቱ የሚገዛውን እንዴት እናታልላለን? ትርፋችን ትንሽ ነው፤ ስማችን ግን አልጎደፈም።

ሰም ቢቀመጥ አይበላሽም። ከመስከረም አበባ በኋላ ማር ሲቆረጥ ሰፈፍ ገዝተን ማቆየት እንፈልጋለን። ደጋፊዎቻችንን የምንለምነው ስጦታ ሳይሆን የሚመለስ ብድር ነው። እናንተ ያልጀመራችሁ እህቶችም በአንድ ኪሎ ጀምሩ፤ የኛ ማረር ይበቃል።