«መሬት ለአራሹ» ካሉ በኋላ የቀረው ጥያቄ

(በወጣቶች ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር። መምጣት ላልቻላችሁ ሙሉው ይኸው።)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ድንበር አይደለም፣ ስለ ባንዲራም አይደለም። ስለ ማዘጋጃ ቤት ነው። አውቃለሁ፣ ማዘጋጃ ቤት ሲባል ትዝ የሚላችሁ ሰልፍና «ነገ ተመለስ» ነው። ግን እስቲ ትንሽ ታገሱኝ። ለህዝባችን እንቆረቆራለን የምንል ከሆነ፣ የሚኖርበት መሬት እንዴት እንደሚወሰን ሳናውቅ መቆርቆር ባዶ ጩኸት ነው።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። በዕድሜ እኛን ነበሩ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት በአዋጅ ከባላባቱ እጅ ወጣ። በዚያው ዓመት የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግስት ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግስትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። እሺ፣ ይሁን። ግን አንድ ጥያቄ ቀረ። የአራሹ ማሳ ከተማ ሲሆንስ? ያኔ የሚወስነው ማነው?

ይሄ ጥያቄ የኛ ትውልድ ጥያቄ ነው። ትንንሽ ከተሞቻችን ወዴት እንደሚያድጉ ልብ ብላችኋል? ወደ ሜዳው ነው። ሜዳው ደግሞ ጥሩው እርሻ ነው። ጤፍ ሲበቅልበት የኖረው መሬት ችካል ይመታበታል፣ ደላላ ይገባበታል፣ በሌሊት ጨረቃ ቤት ይቆምበታል። መንገዱ ከቤቱ በኋላ ይመጣል፣ ዲቹ ከመንገዱ በኋላ ይመጣል፣ ወይ ጭራሽ አይመጣም። ድሮ አፈሩ ይጠጣው የነበረው የክረምት ውሃ አሁን ከቆርቆሮ ጣሪያና ከኮብልስቶን ላይ ተሰብስቦ ወደ ታች ይወርዳል። ከታች ያለው ገበሬ ማሳ ውስጥ ቦረቦር ይሆናል። ከላይ ያለው ሰው መንገድ አገኘሁ ሲል፣ ከታች ያለው መሬቱን አጣ ማለት ነው።

«የኛ ሰው ፕላን አያውቅም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ላሊበላን አሳዩት። ከ11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹ በዮርዳኖስ ወንዝ ግራና ቀኝ በሁለት ምድብ ናቸው፣ ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው ነው። ድንጋዩ ለስላሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ውሃ ይጎዳዋል። ያነጹት ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ለዚህ ነው የዝናቡን ውሃ የሚያስወጣ ቦይ በድንጋዩ ውስጥ የፈለፈሉት። የውሃውን መንገድ ያላሰበ ግንባታ እንደማይቆይ ከ800 ዓመት በፊት ገብቷቸዋል። እኛ ዛሬ አንድ ሰፈር ስንከፍት ከዚህ ያነሰ ማሰብ የለብንም።

ግን ላሊበላ ሌላም ነገር ታስተምረናለች። በ1970 ዓ.ም. ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች አንዷ ሆና ተመዘገበች። ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ሁለት ፎቅ ያላቸው ክብ የድንጋይ ቤቶች ነበሩ፣ ሰዎች ይኖሩባቸዋል፣ ልጅ ያሳድጉባቸዋል። በኋላ ቅርሱን ለመጠበቅና ቱሪዝሙን ለማሳደግ ተብሎ ከዙሪያው ብዙ ነዋሪ ተነስቶ ወደ ከተማው ዳር ሰፈረ። ቅርሱ መጠበቅ አለበት፣ በዚህ ክርክር የለኝም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ጠላ እየሸጠች፣ ለመንገደኛ ማደሪያ እያከራየች የምትኖር እናት ወደ ዳር ስትሄድ የምታጣው ቤት ብቻ ነው? ገበያዋም፣ ጎረቤቷም፣ እድሯም አብሮ ይነሳል። ቤት ተገምቶ ካሳ ይከፈልበታል፣ እድር ግን አይገመትም።

ከዛ ደግሞ ኮቪድ መጣ፣ አስከትሎም በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ከተማዋ ውስጥ ገባ። ቱሪስቱ ቀረ። ሆቴሎች ባዶ ቀሩ፣ አስጎብኚው ስራ ፈታ። በአንድ እግር የቆመ ከተማ ሲገፋ ይወድቃል። ዘላቂ ልማት የሚባለው ቃል በስልጠና አዳራሽ ብዙ ስለተደጋገመ ሰልችቶን ይሆናል፣ ትርጉሙ ግን ይሄው ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ ከተማው የሚበላው፣ የሚጠጣውና የሚሰራው አለው ወይ? በዙሪያው ያለውን እርሻ ጨርሶ የበላ ከተማ መልስ የለውም።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የያዝነውን መብት አናውቀውም። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 አለ። ከተማ መዋቅራዊ ፕላን ይኖረዋል፣ ከስሩ ደግሞ የየአካባቢው ልማት ፕላን ይሰራል። ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ህዝብ ሊወያይበት ይገባል። አንድ ጊዜ ከጸደቀ ለ10 ዓመት የከተማው ሕግ ነው። በፕላን ባለሙያዎች ዘንድ የሚሰራበት አንድ መለኪያ ደግሞ አለ፤ ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ። እስቲ ከተማችሁን በዓይነ ህሊናችሁ ዙሩት። 30 በመቶ አረንጓዴው የታለ? የኳስ ሜዳችሁ አሁንም አለ ወይስ ተሸንሽኗል?

ስለ ካሳ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 አለ። የቀድሞው የ1997 አዋጅ መሬቱን ለዘለቄታው ለሚያጣ ገበሬ የ10 ዓመት ገቢ ነበር ያሰበለት፣ ይሄኛው ምትክ መሬት ለማይሰጠው ወደ 15 ዓመት አሳድጎታል። እንደገና ሊለማ በታቀደ ቦታ ላይ ያለ ባለይዞታ፣ በፕላኑ መሰረት ራሱ ለብቻው ወይም ተደራጅቶ የማልማት ቅድሚያ መብት አለው ይላል። ይቺን መስመር አስምሩባት! ቅሬታ ያለው ሰው ደግሞ ትዕዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ማቅረብ ይችላል። አዋጁ ከዛ በኋላ ማሻሻያ ወጥቶለታል፣ ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ለጎን አንብቡ። 30 ቀን ቶሎ ያልፋል። ማንበብ የማይችል አዛውንት ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ካስቀመጠው መብቱም እዛው ሳጥን ውስጥ ይቀራል።

የ15 ዓመት ገቢ ብዙ ይመስላል። ግን አስቡት፣ መሬት ለአባትም ለልጅም ለልጅ ልጅም ያበላል። ብር ደግሞ የዛሬው ለከርሞ ያው አይደለም። ገንዘቡ እጁ ሲገባ አብሮት የሚሰራው ስራ፣ የሚማረው ሙያ ካልታቀደለት፣ ገበሬው በራሱ ማሳ ላይ በቆመ ፎቅ ዘበኛ ሆኖ ይቀጠራል። ይሄ ልማት ነው ብዬ ለመቀበል ይቸግረኛል።

ታዲያ ምን እናድርግ? «መንግስት ይወቅበት» ብሎ መቀመጥ አለ፣ ድንጋይ መወርወርም አለ። ሁለቱም ለገበሬው አልጠቀሙትም። እዚህ ገጽ ላይ ስንቶቻችን ነን በሰርቬይንግ፣ በሲቪል ምህንድስና፣ በከተማ ፕላን፣ በሕግ፣ በጂኦግራፊ ተመርቀን ስራ ፈትተን የተቀመጥነው? እኔም አንዱ ነኝ። ደመወዝ የለንም፣ እውቀቱ ግን አለን፣ ጊዜውማ ተርፎናል።

ስለዚህ በየከተማችሁ 5 ሆናችሁ ተሰብሰቡ። ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ መዋቅራዊ ፕላኑን አሳዩን በሉ፣ በጨዋ ደንብ፣ በጽሑፍ። መቼ ጸደቀ? መቼ ያበቃል? ክፍት ቦታ ተብሎ የተከለለው የት የት ነው? በጎግል ኧርዝ የከተማችሁን የድሮና የአሁን ምስል አስተያዩ፣ እርሻው የት ጋር እንደሸሸ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ክረምት ሲገባ ውሃው የሚወርድበትን በስልካችሁ ቅረጹ፣ ለሚቀጥለው ፕላን ማስረጃ ይሆናል። የሊዝ ጨረታ ማስታወቂያ ሲወጣ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። በከተማው ዳር ላሉት አባቶችና እናቶች አዋጁን በሚገባቸው አማርኛ አንብቡላቸው፣ ቅሬታ ካላቸው ጻፉላቸው። የሚቀጥለው ፕላን ለውይይት ሲቀርብ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ተገኙ። ወንበሩ ባዶ ከሆነ ደላላው ይቀመጥበታል።

አንድ ማሳሰቢያ ላክል። ገበሬውን ስንከላከል ዘሩንም ሃይማኖቱንም አንጠይቅም። ቦረቦር የሚቆፍረው ጎርፍ የማን ማሳ እንደሆነ አይመርጥም፣ እኛም አንመርጥም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ፕላን ማለት ቅጠሉ ነው። ችካል ከተመታ፣ ግንብ ከቆመ፣ ካርታ ከወጣ በኋላ የምናሰማው ጩኸት እሳቱ ከተነሳ በኋላ ነው። የ1957ቱ ወጣቶች በመፈክር ጀመሩት። የቀረውን እኛ በንባብና በክትትል እንጨርሰው።

የከተማችሁ ፕላን የሚያበቃበትን ዓመት አጣሩና ከታች ጻፉልን። ከዛ እንጀምራለን።

ህዝባችን በመሬቱ ይኑር!