አንገቱን ስለ ተመታ ሰው የተነገረ ንግግር

ልጆች ሆይ፤ በአንገት ፊት ለፊት ጐላ ብሎ የሚዳሰሰው፥ ሰው ምራቁን ሲውጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው፥ ማንቁርት ይባላል። ሥራውም ድምፅን ማውጣትና የትንፋሽን በር መጠበቅ ነው። የተሠራው እንደ ላይኛው ጆሮ ከሚለመጥ ለስላሳ አጥንት ነው፤ ከፊቱ እንደ ጋሻ፥ ከበታቹም እንደ ቀለበት የሆነ አለው።

ከኋላው የአንገት አጥንት ስላለ፥ የበቅሎ ርግጫ ወይም ዱላ ሲያርፍበት፥ ወይም ሰው እየሮጠ ከተወጠረ ገመድ ጋር ሲጋጭ፥ ማንቁርት በመካከል ተጨፍልቆ ይሰበራል።

የዚህ ስብራት ክፋቱ ከውጭ አለመታየቱ ነው። ቆዳው ሳይቀደድ፥ ደም ሳይፈስ፥ የተመታው ሰው ተነሥቶ «ደኅና ነኝ» ሊል ይችላል። ነገር ግን ውስጡ እየደማና እያበጠ ሲሄድ ከጥቂት ሰዓት በኋላ የትንፋሹ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። የልጅ ማንቁርት ስለሚለመጥ ቶሎ አይሰበርም፤ መንገዱ ግን ጠባብ ነውና ጥቂት እብጠት ያስጨንቀዋል።

ምልክቶቹም እነዚህ ናቸው፤ የድምፅ መሻከር ወይም መጥፋት፥ ሲውጡ መታመም፥ ደም መትፋት፥ ሲተነፍሱ ማፏጨት፥ ጐላ ያለው ስፍራ ተደፍቆ መገኘት፥ የአንገት ቆዳ አየር ገብቶበት ሲዳሰስ መንኮሻኮሽ። ከነዚህ አንዱ እንኳ ቢታይ፥ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል።

እስከዚያ ድረስ አንገቱን ማሸት ወይም በጨርቅ ማጥበቅ አይገባም፤ ወጌሻም አይንካው፤ የተሰበረው ተገፍቶ ትንፋሹን ይዘጋልና። ምግብና ውሃ አይሰጠው፤ ብዙም አያናግሩት። ቀና ብሎ መቀመጥ ትንፋሹን የሚያቀልለት እንደ ሆነ ተቀምጦ ይሂድ። ከፍ ካለ ስፍራ ወድቆ ወይም ማጅራቱን አሞት እንደ ሆነ ግን አንገቱ እንዳይንቀሳቀስ ተይዞ ይወሰድ።

ሐኪሙ በቀጭን መሣሪያ ጉሮሮውን ያያል፤ በሲቲ ስካንም ስብራቱን ይመረምራል። አጥንቱ ካልተዛነፈ፥ ራሱን ከፍ አድርጎ አስተኝቶ 24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይጠብቀዋል። ከስፍራው ወጥቶ እንደ ሆነ በቶሎ ቀዶ ያስተካክለዋል። ትንፋሹ ከተጨነቀም ከማንቁርቱ በታች የአየር ቧንቧውን ከፍቶ መተንፈሻ ያበጅለታል። የዘገየ ሰው ግን ሕይወቱ ቢተርፍ እንኳ ድምፁ ተበላሽቶ ሊቀር ይችላል።

እንግዲህ ማንም ተማሪ በጨዋታ ጊዜ የጓደኛውን አንገት አይምታ። ተመትቶ ድምፁ የተለወጠውንም «ቁስል የለውም» ብሎ አይተወው። የተመታው መናገር ይሳነዋልና፥ ያየው ሮጦ ለመምህሩና ለወላጆቹ ይናገርለት።