ሃያ ሁለት ሲካፈል ለሰባት
(ለተማሪዎች ማኅበር አባሎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንድ በዓል ሐሳብ ለማቅረብ ነው። በዓል ሲባል ከትምህርት የሚያስቀር መስሎ የታያችሁ ካላችሁ አትቸኩሉ። ይህ በዓል ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ማታ የሚያልቅ፣ ዋና መሣሪያውም አንድ ጥቅል ሲባጎ የሆነ ነው።

ላሪ ሾው የተባለ የፊዚክስ ሰው በ1988 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው ኤክስፕሎራቶሪየም ማርች 14ን የፓይ ቀን ብሎ ማክበር ጀመረ። አሜሪካኖች ቀን ሲጽፉ ወሩን ስለሚያስቀድሙ 3/14 ይሆንላቸዋል። ዩኔስኮም በ2019 እ.ኤ.አ. ያንኑ ቀን ዓለም አቀፍ የሒሳብ ቀን ብሎ ሠይሞታል። ለእኛ ግን ያ ዕለት መጋቢት 5 ነውና 3.14 የሚል ነገር በቀኑ ላይ አይነበብም። ቀኑን አስቀድመን 3/14 ብለን እንዳንጽፍ ደግሞ ያሉን ወሮች 13 ናቸው፤ አንድ ጎደለን!

ሆኖም ከዚህ የተሻለ በእጃችን አለ። መጋቢት ሰባተኛው ወራችን ስለሆነ መጋቢት 22 በአጻጻፋችን 22/7 ነው። ይህ አርኪሜዴስ ለክብ ዙሪያ የላይኛ ወሰን አድርጎ ያረጋገጠው ቁጥር ነው። እንዲያውም 22 ለ7 ሲካፈል 3.1428 ስለሚሰጥ፣ ከ3.14 ይልቅ ወደ እውነተኛው ፓይ፣ ማለት ወደ 3.14159፣ ይቀርባል። እንግዲህ ቀናችን ከአሜሪካኖቹ ቀን ይበልጥ ልክ ነው ብንል ትዕቢት አይሆንብንም።

መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ጥቂት ሆነን ይህንን ቀን ጎባ በአንድ ጓደኛችን ቤተ ሰብ ዘንድ አክብረነው ነበር። የቤቱ ልጆች የምጣዱን ዙሪያ በሲባጎ ለኩ፤ ቀጥሎም የምጣዱን ወርድ ለክተው በዚያው ልክ ሲባጎውን ቆራረጡት። ሦስት እኩል ቁራጭ ወጣና ትንሽ ተረፈ። ያች ትራፊ በአንዱ ቁራጭ ላይ ስንት ጊዜ ትመላለሳለች ቢባል ሰባት ጊዜ ያህል ሆነች። ሰፌዱም እንዲሁ፣ ባልዲውም እንዲሁ። ስኒው ብቻ አስቸገረ፤ የሲባጎው ውፍረት ለትንሽ ነገር ስሕተት ያበዛል።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን የእንጀራው ነገር ነው። ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር የነበረ እንጀራ 54 ቢሆን ምን ያህል ቀነሰ? እኛ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ወረቀት ስናወጣ ከመካከላችን አንዱ በችኮላ «አንድ ዐሥረኛ» አለ። የቤቱ እመቤት ግን ሊጥ እያቦኩ ሳቁና «አይ ልጆቼ፣ እንጀራ ብዙው ያለው ጠርዙ ላይ ነው፤ ሻጭ ሲያሳንስ ከዚያ ነው የሚያሳንሰው» አሉ። ብናሰላው 54 በ54 ለ60 በ60 ሲካፈል 0.81 ነው። ከመቶ 19 እጅ ጠፍቷል ማለት ነው፤ አንድ አምስተኛ ሊሆን ምንም አልቀረው። ዋጋው ሳይነካ እንጀራው ከዳር ዳር ሦስት ሦስት ሳንቲ ሜትር የሸሸበት ሰው ምን ያህል እንደተወሰደበት ይወቅ።

ከእራት በኋላ ተራው የአያትየው ሆነ። አያትየው ባሕረ ሐሳብ ያውቃሉ። 5500ን ከ2017 ጋር ደምረው 7517፤ ለ19 አካፍለው ቀሪ 12፤ አንድ ቀንሰው 11፤ ያንን በ11 አባዝተው 121፤ ሠላሳ ሠላሳውን ገድፈው የዓመቱን አበቅቴ 1 ብለው አወጡ። ይህ ሁሉ ያለ ወረቀት ነው። ፋሲካ ከመጋቢት 26 በፊት፣ ከሚያዝያ 30 በኋላ አይውልም፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ስለዚህ ጾሙ ቢዘገይ ቢዘገይ መጋቢት 5 ይገባል፤ ቢቸኩል ቢቸኩል መጋቢት 26 ይፈታል። መጋቢት 22 እንግዲህ ሁልጊዜ በጾም ውስጥ ነው። የበዓላችን ዳቦ ቅቤ አይነካውም ማለት ነው፤ ይህም በቲዎሬም የተረጋገጠ መሆኑን ለምግብ ወዳዶች በሐዘን እናስታውቃለን።

በዚያ ዓመት ኢድ አልፈጥር የዋለው በዋዜማው፣ መጋቢት 21 ነበርና እስላም ጎረቤቶች ቡና ሊጠጡ መጥተው ነበር። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ገደማ ስለሆነ ኢድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል፤ ወደ ቦታው ለመመለስ 33 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ይህን ሲሰሙ አያትየው «የእኔም አበቅቴ እኮ ዐሥራ አንድ ነው!» ብለው ተነሡ። ያባዙበት 11 ይኸው ራሱ ነው፤ የፀሐይ ዓመት በጨረቃ ዓመት ላይ ያለው ብልጫ። በአንድ አጥር የሚዋሰኑ ሁለት ቤቶች በዓላቸውን የሚፈልጉበት ቁጥር አንድ ሆኖ መገኘቱ ከመምህር ያልሰማነው ትምህርት ነበር። አንዱ ጎረቤትም ከዚያ አያይዞ ገዳን አነሣና ልጆቹን በስምንት አባዛቸው፦ አምስት ጊዜ ስምንት 40፤ ልጅ የአባቱን ቦታ የሚይዘው ከ40 ዓመት በኋላ ነው።

ይህን የምንነግራችሁ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ብቻ ነበሩ። ቀሪዎቹ የእኛው ታናናሾች ናቸው። ሒሳብ በመጽሐፍ ብቻ የሚኖር ባዕድ ነገር ነው ብለው ያደጉ ልጆች፣ እናታቸው ስለ ጠርዝ የምታውቀውን፣ አያታቸው ስለ 19 የሚያውቁትን ሳይጠይቁ ፈተና አዳራሽ ይገባሉ። እኛም ከሮቤ እስከ ጎባ ባለው 14 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሦስትና አራት ዓመት ስንኖር የአንድ ሰው ቤት ሳንገባ የምንመረቅ ብዙዎች ነን።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ቤተ ሰባችሁ በሮቤና በጎባ የሆነ ሁሉ፣ በሚመጣው መጋቢት 22 ወላጆቻቸው ሩቅ የሆኑ ሦስት ሦስት ጓደኞች ወደ ቤታችሁ ውሰዱ። እንግዶቹ ዳቦ የሚጋገርበትን የስንዴ ዱቄት ይዘው ይሂዱ፤ በባሌ ስንዴ አይጠፋም። ልኬቱን ልጆቹ ይሥሩት፤ እናንተ ዝም በሉ። ስም የሚጻፍበት ወረቀት በበሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ሲባጎውን ማኅበሩ ይችላል።