«አበሉ ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት

(ለምርመራ ጋዜጠኞች የሚሰጠውን ክፍለ አህጉራዊ ፌሎሺፕ ለማመልከት ላሰቡ ባልደረቦች በአዲስ አበባ ያደረግሁት ንግግር)



ፌሎሺፕ ወጣ ሲባል እኛ ሰፈር የሚጠየቁትን ጥያቄዎች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። «አበሉ ስንት ነው?» «የት አገር ነው?» «ስንት ቀን ነው?» በቃ! «ምን ልትመረምር ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። በዚህ በማንም አልፈርድም። ለአንድ ጽሑፍ የሚከፈለን ገንዘብ የታክሲያችንን እንኳ በማይመልስበት ከተማ ስለ አበል መጠየቅ ነውር አይደለም። ክፋቱ ጥያቄው እዚያው ላይ ማለቁ ነው። ማመልከቻችንም እዚያው ላይ ያልቃል። ገምጋሚዎቹ ደግሞ ጅሎች አይደሉም፤ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሳይደርሱ ይነቁብናል።

እኔ ሦስት ጊዜ አመልክቼ አንድ ጊዜ ያለፍኩ ፍሪላንሰር ነኝ። ስለዚህ እንደ ሊቅ ሳይሆን መንገዱን ቀድሞ እንደሄደ ሰው ስሙኝ።

ለመሆኑ ነገሩ ምንድን ነው? ፌሎሺፕ ለሚለው ቃል ደህና አማርኛ አላገኘንለትም። «ሥልጠና» እንለዋለን። ሥልጠና ማለት እኛ እንደምናውቀው ሆቴል ተቀምጦ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ተቀብሎ፣ ሁለቴ ሻይ ጠጥቶ ሰርተፊኬት ይዞ መውጣት ነው። ይኸኛው ሌላ ነው። የሚሰጣችሁ ጊዜ ነው። ለጥቂት ወራት አንድ ጉዳይ ብቻ ይዛችሁ እንድትከታተሉ የመንገዱን፣ የአስተርጓሚውን፣ የሰነዱን ወጪ ይችላል፤ ልምድ ያለው አርታኢ ይመድብላችኋል፤ ደህናዎቹ ደግሞ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት በሕግ ባለሙያ ያስነብቡታል። በምላሹ የሚፈልጉት የታተመ ሥራ ነው። ሪፖርት አይደለም፣ የቡድን ፎቶግራፍም አይደለም።

«ክፍለ አህጉራዊ» የሆነበት ምክንያትም ግልጽ ነው። የሚዘረፍ ገንዘብም ሆነ የሚነገድበት ሰው ኬላ አይበግረውም፤ ጋዜጠኛው ግን አገሩ ውስጥ ታጥሮ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የፓናማ ሰነዶች የተባሉትን 11.5 ሚሊዮን ያህል ፋይሎች ከ370 በላይ ጋዜጠኞች በየአገራቸው ሆነው የተካፈሏቸው ለዚህ ነው። አንድ ጋዜጣ ብቻውን ቢይዛቸው ኖሮ እስከ ዛሬም አንብቦ ባልጨረሳቸው ነበር።

ይህ ነገር የፈረንጅ ቅንጦት የሚመስለው ካለ ሁለት አፍሪካውያንን ላስታውሰው። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ «ሌንዴፓንዳን» የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ ያዘጋጅ የነበረው ኖርበርት ዞንጎ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ወንድም ሾፌር እንዴት እንደሞተ ይመረምር ነበር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 13 ቀን 1998 ከሦስት ሰዎች ጋር ተገድሎ መኪናው ውስጥ ተቃጥሎ ተገኘ። ማፑቶ ላይ ደግሞ ካርሎስ ካርዶሶ የሚባል ሰው ነበር። ጋዜጣውን የሚያሠራጨው በፋክስ ነው! አዎ፣ በፋክስ። ከአንድ ባንክ የተመዘበረ 14 ሚሊዮን ዶላር እየተከታተለ ሳለ እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 2000 መንገድ ላይ በጥይት ገደሉት። ዛሬ ዋጋዱጉ ውስጥ በዞንጎ ስም የተቋቋመ ማዕከል ለምዕራብ አፍሪካ የምርመራ ጋዜጠኞች ድጋፍ ይሰጣል። ማመልከቻ ስንሞላ እጃችንን የምንዘረጋው እንዲህ ወዳለው ገንዘብ ነውና አበሉን ስንቆጥር ይኼም ትዝ ይበለን።

እሺ፣ ማመልከቻው ምን ይጠይቃል? ከሁሉ በፊት ሐሳባችሁን ይጠይቃል። አብዛኞቻችን የምንወድቀው እዚህ ላይ ነው። «ሙስና በኢትዮጵያ» ብሎ ያመለከተ ወዳጅ አለኝ። ወንድሜ፣ ይኼ ርእስ አይደለም፣ ልቅሶ ነው! «የእህቶቻችን ስቃይ በአረብ አገር» የሚለውም እንደዚያው። ስቃዩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ምን ልታጣራ ነው የምትሄደው?

እ.ኤ.አ. በ2009 ዩኔስኮ ያሳተመው፣ ማርክ ሊ ሀንተርና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት የምርመራ ጋዜጠኞች መመሪያ አለ። ዋናው ትምህርቱ ርእስ ሳይሆን መላምት ይዘህ ተነሣ የሚል ነው። እውነት ወይም ሐሰት መሆኑ ሊጣራ የሚችል አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ ማለቱ ነው። ይህንኑ የአረብ አገሩን ጉዳይ እንየው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲወጣ የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ቲኬቱንና የሥራ ፈቃዱን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሎ፣ ሠራተኛዋ የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የክትባትና የመሳሰለውን ብቻ እንድትከፍል ደንግጓል። (አዋጁ በኋላ ተሻሽሏል፤ ማሻሻያውን ሳታነቡ እንዳትነሡ።) አሁን ወደ ቤተሰብ ሂዱ። ስንት ከፈላችሁ? ለማን? በምን? በሬ ተሸጦ፣ ከዕድር ተበድሮ፣ ለደላላ በእጅ የተሰጠ ገንዘብ ካለ መላምታችሁ መጣ ማለት ነው፤ «አሠሪው የከፈለውን ወጪ ደላላውና ኤጀንሲው ተመሳጥረው ከልጅቷ ቤተሰብ ሁለተኛ ይቀበላሉ»።

ልብ አድርጉ፤ ይህ ዓረፍተ ነገር ሥራውን ራሱ ይከፋፍልላችኋል። ከዚህ በኩል የቤተሰቡ ደረሰኝ፣ የባንክ ወረቀት፣ የሥራ ውሉ አለ። ከዚያ በኩል ደግሞ አሠሪዋ ለወኪሉ የከፈለችው ገንዘብ አለ፤ እሱን እናንተ ከመገናኛ ሆናችሁ አታገኙትም። ኬንያና ኡጋንዳም ሴቶች ልጆቻቸውን ወደዚያው ይልካሉ፤ እዚያ ያለው ባልደረባችሁ ያንኑ ጥያቄ በአገሩ ይጠይቃል። ፕሮፖዛሉ ክፍለ አህጉራዊ የሚሆነው እንዲህ ነው። የኬንያን ስም መጨረሻው አንቀጽ ላይ እንደ ቅመም ጣል በማድረግ አይሆንም።

ገምጋሚ የሚወደው ሌላም ነገር አለ። ሁሉም ቢሳካ ምን ታገኛለህ? ካልተሳካስ በትንሹ ምን ይቀርሃል? ቢሳካ ከቀበሌው ደላላ እስከ ውጭው ወኪል ያለው ሰንሰለት ይገለጣል። ባይሳካ ከሕግ ውጪ የከፈሉ አራት ቤተሰቦች ሰነድ በእጃችሁ ይቀራል፤ እሱም ራሱን የቻለ ዜና ነው። ይህን የጻፈ ሰው ወደ ሜዳ ከመውጣቱ በፊት እንዳሰበበት ያስታውቃል።

ቀጥሎ የድጋፍ ደብዳቤና የታተሙ ሥራዎች ይጠየቃሉ። አይ ፍሪላንሰር! በዚህ አገር ማኅተም የሌለው ሰው እንደ ሰው አይቆጠርም። አራት ዓመት ሙሉ የጻፍኩለት አንድ አዘጋጅ (ስሙን ተዉት) «አንተ ቋሚ ሠራተኛ ስላልሆንክ ማኅተም ልመታልህ አልችልም» ብሎ መለሰኝ። ክፍያው በዶላር መሆኑን ሲሰማ ደግሞ ራሱ ደወለና «የእኔም ስም አብሮ ይግባ» አለ። ያልገባበትን ሥራ! እንዲህ ያለ ሲገጥማችሁ ጊዜ አታጥፉ። ብዙ ጊዜ ማስታወቂያው የሚለው «ሥራህን ለማተም ፈቃደኛ የሆነ መገናኛ ብዙኃን ደብዳቤ» ነው። ቅጥር አይልም። አንድ ገጽ፣ ሁለት መስመር፣ ፊርማ ይበቃል። ከጎረቤት አገር ጋዜጣም ቢሆን ያስኬዳል።

የታተሙ ሥራዎቻችንስ የት አሉ? ከምርጫ 97 በኋላ ስንት የግል ጋዜጣ ተዘጋ! በሐምሌ 2006 ፋክት፣ ሎሚ፣ አዲስ ጉዳይ፣ ዕንቁ፣ ጃኖና አፍሮ ታይምስ በአንድ ቀን መከሰሳቸው ተነገረ፤ ከገበያም ጠፉ፣ ከጋዜጠኞቻቸውም ብዙዎቹ ተሰደዱ። እዚያ ላይ የጻፈ ወጣት ዛሬ «ናሙና አምጣ» ሲባል ኢንተርኔት ላይ ምንም አያገኝም። ወመዘክር ሂዱ። የቆዩ ጋዜጦችና መጽሔቶች ተጠርዘው ተቀምጠዋል። አስፈቅዳችሁ ፎቶ አንሡና ቀኑንና የእትሙን ቁጥር ጽፋችሁ አያይዙ። አቧራው ያስነጥሳል፣ ግን የራሳችሁን ስም ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ የተነሣሁትም ለዚህ ነው። ከማመልከቻው ጥያቄዎች አንዱ «ምንጮችህ እነማን ናቸው? እንዴትስ ታገኛቸዋለህ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቤቱ ተቀምጦ ምንጭ የሚፈጥር አይጠፋምና። ነገር ግን ያ ወረቀት የት የት እንደሚዞር አስባችኋል? በኢሜይል ይሄዳል። አራት አምስት ሰው ያነበዋል። ከመካከላቸው አንዱ የእናንተው ከተማ ሰው ሊሆን ይችላል። አንዱ አትሞ ጠረጴዛ ላይ ትቶት ይወጣል። ማመልከቻውን ስትጽፉ የምትመረምሩት ሰውዬ ራሱ የሚያነበው አስመስላችሁ ጻፉ።

ከቤይሩት የተመለሰች አንዲት ልጅ ነበረች። ስሟንም ሰፈሯንም አልናገርም። የከፈለችበትን ወረቀት እናቷ ሣጥን ውስጥ፣ ከነጠላ ሥር አስቀምጣዋለች። ገንዘቡን የተቀበለው ደላላ የሥጋ ዘመዷ ባል ነው፤ ለቅሶም ሠርግም ላይ ይገናኛሉ። «ወንድም ጋሼ፣ ወረቀቱን ፎቶ አንሣው፤ ስሜን ግን ለማንም እንዳትሰጥብኝ፤ ለጓደኛህም ቢሆን» አለችኝ። እሺ አልኳት። ማመልከቻው ላይ «ምንጭ ሀ፤ ከስደት ተመላሽ፤ የክፍያ ሰነድ አላት፤ ሰነዱን በዓይኔ አይቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ከድርጅቱ መልእክት መጣ። ለማጣራት ያህል ስልክ ቁጥሯን ላክልን፣ በምስጢር እንይዘዋለን ይላል። አክብሮት ያለው ደብዳቤ ነው። የቤት ኪራይ የሁለት ወር ውዝፍ ነበረብኝ፣ የፌሎሺፑ ገንዘብ ደግሞ የስድስት ወር እፎይታ ነው። እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ ስሟን ሸፍኜ ሰነዱን ላሳያችሁ እችላለሁ፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላ እሷ ከፈቀደች ከተመደበልኝ አርታኢ ጋር አገናኛታለሁ፤ በማመልከቻ ደረጃ ስልኳን አልሰጥም። በዚያ ዙር አላለፍኩም። ምክንያቱ ይኼ ይሁን ሌላ የነገረኝ የለም። በዓመቱ ያንኑ ፕሮፖዛል፣ ያንኑ «ምንጭ ሀ» ይዤ ለሌላ ፌሎሺፕ አመለከትሁ፤ ተቀበሉኝ። የተመደበችልኝ አርታኢ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ለመሆኑ ይህች ልጅ ስሟ ቢወጣ ማን ይደርስላታል?» የሚል ነበር።

ስለዚህ የምላችሁ ይህን ነው። ምንጫችሁን በስም ሳይሆን በቦታውና በሚያውቀው ነገር ግለጹት። የስም ዝርዝሩን ስልካችሁ ውስጥ አታስቀምጡ። ሰነድ ስትልኩ ስሙን ብቻ ሳይሆን የሒሳብ ቁጥሩን፣ ማኅተሙን፣ የጽሕፈቱን ዳር ሁሉ ሸፍኑ፤ ሰውን በእጅ ጽሑፉ የሚለይ አለ። የጠየቋችሁ ሰዎች ካኮረፉ ያኩርፉ።

ሌላው የራሳችሁ ደኅንነት ነው። እዚህ አገር ሥልጠናም ወንጀል ሆኖ ያውቃል። በሚያዝያ 2006 የታሰሩት ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች በፀረ ሽብር አዋጁ ቁጥር 652/2001 ሲከሰሱ፣ የኢንተርኔት ግንኙነትን በምስጢር ስለ መጠበቅ ሥልጠና መውሰድ በክሱ ውስጥ ገብቶ ነበር። አምስቱ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ፤ የተቀሩት በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ። ከአንድ ዓመት በላይ እስር ቤት ከቆዩ በኋላ ማለት ነው። ያ አዋጅ በ2012 በሌላ ተተክቷል። ቢሆንም «የውጭ ገንዘብ በላህ» የሚለው አፍ በአዋጅ አይሻርምና የፌሎሺፑን ውል፣ የባንኩን ወረቀትና ያወጣችሁበትን ደረሰኝ አንድም ሳይቀር ያዙ። ገንዘቡ በባንክ ይግባ፤ በሰው እጅ አትቀበሉ። ማን እንደሰጣችሁ ጽሑፉ ላይ አሳትሙት። የምትደብቁት ምንጫችሁን እንጂ ገንዘባችሁን አይሁን።

በጀቱን በአጭሩ ልለፈው። ሁለት ዓይነት ሰው አይቻለሁ፤ አንዱ ላፕቶፕ፣ ካሜራና የቢሮ ወንበር ሳይቀር ይጭንበታል፤ ሌላው አፍሮ ለራሱ ድካም ባዶ ዜሮ ይጽፋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይሻልም። መተማ አሥር ቀን ስትቀመጡ ቤት የሚበላ ሰው አለ። የሥራ ቀናችሁን ዋጋ አውጡለትና ጻፉት። ለምንጭ ግን ገንዘብ እንዳትመድቡ፤ ከሩቅ የመጣን ሰው ትራንስፖርትና ምሳ መቻል ሌላ ነገር ነው፣ እሱንም ቢሆን በግልጽ አስፍሩት።

እኔ እስከ ማታ እዚሁ ነኝ። የተጀመረ ፕሮፖዛል ይዞ የመጣ ካለ አብረን እናየዋለን። የምንጮቻችሁን ስም ግን ለእኔም አታሳዩኝ።